ምዕራፍ ሰባት፦ ስም ያልወጣለት ገበሬ

ጥንታዊት ግብፅን መቼታቸው ያደረጉ የቪዲዮ ጌሞች ሲነሡ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ንግሥቲቱ፣ ካህኑ፣ መቃብር ዘራፊው ወይም የልጁን ደም ለመበቀል በረሃ የሚያቋርጠው ጀግና ነው። ይህ ምዕራፍ የሚናገረው ስለ ሌላ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው «ፈርዖን» በተሰኘ የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ስላለ አንድ ገበሬ። ስም አልወጣለትም። ፊቱ አይለይም። ቁመቱ ስክሪኑ ላይ ከጣት ጥፍር አይበልጥም። ከካምፑ ይወጣል፣ ማሳው ዘንድ ይደርሳል፣ ይሠራል፣ ከዚያ አይታይም። በጨዋታው ውስጥ ካሉት ነገሥታትና አማልክት ሁሉ ይልቅ ስለ ጥንታዊት ግብፅ እውነቱን የሚነግረን እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደማምን ለማስረዳት ግን በቅድሚያ የጨዋታውን አሠራር ማሳየት አለብኝ።

«ፈርዖን»ን የሠራው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ይገኝ የነበረው ኢምፕሬሽንስ ጌምስ ነው። ድርጅቱ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሮማውያን ከተማ የሚገነባበትን «ሲዛር 3» አውጥቶ ነበር፤ ያንኑ ስልት ይዞ ወደ ናይል ዳር ወረደ። በ2000 «ክሊዮፓትራ» የተባለ ተጨማሪ ክፍል ወጣለት፤ በ2023 ደግሞ ትሪስኬል ኢንተራክቲቭ የተባለ የፈረንሳይ ድርጅት በአዲስ ሥዕል ዳግም ሠራው። በጨዋታው ተጫዋቹ ሰይፍ አይመዝም። ከላይ ሆኖ ወደ ታች የሚያይ ገዥ ነው፤ መንገድ ይዘረጋል፣ የጎጆ ቦታ ይመራል፣ ጎተራና ገበያ ይተክላል፣ ለኦሲሪስና ለፕታህ ቤተ መቅደስ ያቆማል። ጨዋታው ከትንሽ መንደር ተነሥቶ ትውልድ በትውልድ እየተተካ እስከ ፈርዖንነት የሚደርስ ቤተሰብ ታሪክ ነው።

ከተማዋን የሚያንቀሳቅሷት ከየሕንፃው እየወጡ መንገድ ለመንገድ የሚሄዱ ትንንሽ ሰዎች ናቸው። የገበያዋ ሴት እህል፣ ሸክላና ጠላ ይዛ ታልፋለች፤ ውኃ ቀጂው ውኃ ይዞ ያልፋል፤ ካህኑ፣ ሐኪሙ፣ እሳት ጠባቂው እንደዚሁ። ያለፉበት ቤት ያገኛል፤ ያላለፉበት ቤት ያጣል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርሱ በነሲብ ስለሚታጠፉ ተጫዋቹ ሊያዝዛቸው አይችልም፤ የሚችለው መንገዱን በብልሃት መዘርጋትና በኬላ መዝጋት ብቻ ነው። ማውሱን ወስዶ አንዱን ቢጫነው ያ ሰው ድምፅ አውጥቶ ይናገራል፤ ጎተራው ባዶ ከሆነ ስለ ረሃብ፣ ሥራ ከጠፋ ስለ ሥራ አጥነት፣ ደህና ከሆነ ስለ ከተማዋ ደህንነት። በ1999 ለነበረ ጨዋታ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ገዥው የሚያስተዳድረውን ሕዝብ በሠንጠረዥ ብቻ ሳይሆን በአንደበቱ ጭምር ይሰማዋል።

ገበሬው ከእነዚህ ይለያል። እሱ አይንከራተትም። የሚወጣው የሠራተኞች ካምፕ ከሚባል ሕንፃ ነው፤ የሚሄድበትም አስቀድሞ ተወስኖለታል። ናይል ዓመት በዓመት ሞልቶ በሚያጥለቀልቀው ሜዳ ላይ የተሠሩ ማሳዎች የራሳቸው ቋሚ ሠራተኛ የላቸውም። ጎርፉ ሲሸሽና ጥቁሩ ጭቃ ሲገለጥ ካምፑ ሰው ይልካል፤ የተላከው ሰው ማሳው ላይ ይሰማራል፤ ጎርፉ ተመልሶ ከመምጣቱ በፊት አዝመራው ይሰበሰባል። ጎርፉ ከመድረሱ አስቀድሞ ደግሞ መልእክት ይመጣል፤ ዘንድሮ ውኃው ጥሩ ነው፣ መካከለኛ ነው፣ ወይም ደካማ ነው የሚል። ደካማ ከሆነ መሬቱ በቂ ለም አፈር አያገኝም፤ የጎርፉን አምላክ ኦሲሪስን ያስቀየመ ገዥም የሚያገኘው ይህንኑ ነው።

ጀማሪ ተጫዋች ከተማው ለምን እንደፈረሰበት አይገባውም። ቤተ መቅደሱ ያማረ ነው፣ ገበያው ክፍት ነው፣ መንገዱ በድንጋይ ተነጥፏል። ወደ ኋላ ተመልሶ ሲመረምር የሚያገኘው ከካምፑ ወደ ማሳው የሚወስደው መንገድ አንድ ቦታ ላይ መቆረጡን ነው፤ ወይም ካምፑ ራሱ ሰው አጥሮት እንደነበር። አንድ ገበሬ ማሳው ላይ ባለመድረሱ አዝመራው ሣሣ፤ ጎተራው ጎደለ፤ የገበያዋ ሴት ባዶ እጇን ወጣች፤ ደህና ኑሮ ይኖር የነበረው ቤተሰብ ወደ ጎጆ ወረደ፤ ከዚያም ዕቃውን ጭኖ ከተማዋን ለቀቀ። ቤቱ ሲለቀቅ የሠራተኛ ቁጥር ቀነሰ፤ ስለዚህ ካምፑ ለቀጣዩ ዓመት ከቀድሞው ያነሰ ሰው አገኘ። መንግሥት እንዴት እንደሚፈርስ ያስረዱ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። ነገሩን ከሥሩ፣ ከአንድ ሰው አለመድረስ ጀምሮ እንዲህ ደረጃ በደረጃ ያሳየኝ ግን ጥቂቱ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ቁም ነገር አለ። ተጫዋቹ ከተማው ሲጠነክር ፒራሚድ እንዲሠራ ይታዘዛል። ግንበኛው፣ ድንጋይ ጠራቢውና አናጺው ከየሙያ ማኅበራቸው ይመጣሉ። ግዙፉን ድንጋይ በእንጨት ሸርተቴ ላይ ጭኖ በገመድ የሚጎትተውስ? ያው ሰው ነው። ከዚያው ካምፕ የወጣው፣ ትናንት ማሳ ላይ የነበረው ገበሬ። ስለዚህ ለክብሩ የቸኮለ ገዥ ማሳው ባዶ ይቀርበታል። ፒራሚድ የሚቆመው ከእርሻ በተረፈ ጉልበት መሆኑን ጨዋታው በንግግር አይሰብክም፤ በሥራ ያስገነዝባል። የጨዋታው ሠሪዎች ካደረጓቸው ምርጫዎች ሁሉ ታላቁ ይህ ይመስለኛል፤ ከታሪክ ጋር የሚገጥመውም እዚህ ላይ ነው።

ብዙዎቻችን ያደግነው ፒራሚድ የሠሩት በሰንሰለት የታሰሩ ባሮች ናቸው የሚለውን የሲኒማ ሥዕል ይዘን ነው። ግሪካዊው ሄሮዶቱስ መቶ ሺህ ሰው በየሦስት ወሩ እየተፈራረቀ ይሠራ እንደነበር ጽፏል፤ እሱ ግን ጊዛን ያየው ፒራሚዱ ከተሠራ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ነበር። መሬቱ ራሱ የሚናገረው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከጊዛ ፒራሚዶች በስተደቡብ የአንድ ፈረስ እግር ያልታወቀ ግንብ ላይ ተደናቀፈ፤ ሲቆፈር የሠራተኞቹ መቃብር ሆኖ ተገኘ። አጽሞቹ ሸክም ያጎበጠው ጀርባ አላቸው፤ የተሰበረ ክንድና እግራቸው ግን ታስሮ፣ ታክሞ፣ ተጠግኗል። በአቅራቢያው አሜሪካዊው የቁፋሮ ባለሙያ ማርክ ሌነር ባወጣው የሠራተኞች ከተማ ውስጥ ዳቦ መጋገሪያዎች፣ ማደሪያዎችና ብዙ የከብት፣ የበግና የፍየል አጥንት ተገኝቷል። ዛሬ አብዛኞቹ ሊቃውንት የሚስማሙበት አነስ ያለ ቋሚ የባለሙያ ቡድን እንደነበረና ከየአውራጃው በግዴታ እየተመለመለ፣ ቀለብ እየተሰፈረለት በተራ የሚሠራ ብዙ ሰው ከጎኑ እንደተሰለፈ ነው። ነፃ ሰው ነበሩ ማለት አይደለም። አልሄድም ማለት አይችሉም ነበር። ነገር ግን ከመንደር መጥተው ወደ መንደር የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በቀይ ባሕር ዳር፣ ዋዲ አል ጀርፍ በተባለ ቦታ፣ ፒየር ታሌት የተባሉ ፈረንሳዊ ሊቅ የመሩት ቡድን ጽሑፍ ካለባቸው ፓፒረሶች ሁሉ እስካሁን በዕድሜ የሚቀድሙትን አገኘ። ከመካከላቸው መረር የተባለ አለቃ የሥራ መዝገብ አለ። መረር ወደ አርባ የሚጠጉ ሰዎች ይመራ ነበር። ከናይል ማዶ ከቱራ የድንጋይ ካባ ነጭ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ጭነው፣ በወንዙና በቦዮቹ አድርገው ወደ ጊዛ ያደርሱ ነበር፤ በአሥር ቀን ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ። ዘመኑ ታላቁን የጊዛ ፒራሚድ ያሠራው የንጉሥ ኩፉ የመጨረሻ ዓመታት ነው። በዚህ መዝገብ ውስጥ መፈክር የለም፤ ዛሬ ጫንን፣ ዛሬ አደርን፣ ዛሬ ደረስን ብቻ። የ«ፈርዖን» ገበሬ ቢጽፍ የሚጽፈው እንዲህ ያለውን ነበር። የመረር ስም አራት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ተሻግሮ ደረሰን። ከሥሩ የነበሩት አብዛኞቹ ግን እንደ ጨዋታው ገበሬ ያለ ስም ቀሩ።

ግብፃውያን ራሳቸው እንዲህ ያሉ ትንንሽ ሰዎችን ይሠሩ ነበር። ይህን ጉዳይ ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱም ገበሬው የአሜሪካ ፕሮግራመሮች ፈጠራ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ኸርበርት ዊንሎክ የተባለ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ባለሙያ በቴብስ፣ መከትሬ የተባለ ሹም መቃብር ውስጥ ዘራፊ ያልደረሰበት ትንሽ ክፍል አገኘ። ክፍሉ ከእንጨት በተቀረጹ ጥቃቅን ሰዎች የተሞላ ነበር። ዕድሜያቸው አራት ሺህ ዓመት ያህል ነው። በአንዱ ሣጥን ውስጥ ጎተራ አለ፤ ሰዎች ጆንያ ይዘው ደረጃ ይወጣሉ፤ በሩ አጠገብ ጸሐፊዎች ተቀምጠው የገባውን ይመዘግባሉ። በሌላው ውስጥ ዳቦና ጠላ ይዘጋጃል። በሌላው ሴቶች ይሸምናሉ። በሌላው ከብቶች በሹሙ ፊት እየተነዱ ይቆጠራሉ። ጣሪያው ተነሥቶ ውስጡ ከላይ እንዲታይ ሆኖ የተሠራውን ሲያይ «ፈርዖን»ን የተጫወተ ሰው ያውቀዋል፤ ጎተራው፣ ጠመቃ ቤቱ፣ ሽመና ቤቱ፣ የከብት በረቱ ሁሉ ተጫዋቹ ከዝርዝር እየመረጠ የሚተክላቸው ሕንፃዎች ናቸው። ከላይ ሆኖ የሚያየው ደግሞ ሟቹ መከትሬ ነው። ቅርጾቹ ዛሬ ለካይሮና ለኒውዮርክ ተከፍለው ይገኛሉ።

በኋላ ዘመን ሻብቲ የሚባሉት መጡ፤ ከድንጋይ፣ ከእንጨት ወይም ከሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ሸክላ የተሠሩ፣ መቆፈሪያና የዘር ከረጢት የያዙ ምስሎች። ግብፃዊው በወዲያኛው ዓለምም ማሳ አለ፣ ቦይ አለ፣ ስለዚህ የግዴታ ሥራ አለ ብሎ ያምን ነበር። ሻብቲው ላይ የሚጻፈው ቃል ትእዛዝ ነው፤ ባለቤትህ ማሳ እንዲያርስ፣ ውኃ እንዲያጠጣ፣ አሸዋ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዲያጓጉዝ ቢጠራ፣ አንተ በእሱ ፈንታ አቤት በል ይላል። በቱታንካሙን መቃብር ውስጥ 413 ሻብቲዎች ተገኝተዋል፤ ለእያንዳንዱ የዓመቱ ቀን አንድ፣ ማለትም 365፣ ለየአሥሩ ቀን አንድ አለቃ፣ ማለትም 36፣ ለየወሩ ደግሞ አንድ የበላይ አለቃ፣ ማለትም 12። አለቆቹ ጅራፍ ይይዛሉ። ንጉሥ ሆኖም እንኳ ከዚያ ጥሪ አያመልጥም፤ በእሱ ፈንታ የሚሄድ ሰው ግን አለው። ስለ ግብፅ የሥራ ሥርዓት ከዚህ የበለጠ ጥርት ያለ ምስክር አላውቅም። ግዴታው ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው ሞት እንኳ ያስቀረዋል ተብሎ ያልታሰበው!

እንግዲህ ጨዋታው ገበሬውን ከሞላ ጎደል በትክክል አስቀምጦታል። የተወውን ደግሞ በሐቀኝነት መናገር ይገባል።

ገበሬው ቤት የለውም። ሚስቱን አናይም፣ ልጁን አናይም፤ ካምፑ ተፋው፣ ማሳው ዋጠው። ደመወዝ በደበን ይከፈላል፤ ደበን ግን በእውነተኛዋ ግብፅ የክብደት መለኪያ እንጂ በእጅ የሚዞር ገንዘብ አልነበረም። ሰው የሚከፈለው በእህል፣ በዳቦና በጠላ ነበር። ደመወዝ ሲቀንስ የጨዋታው ከተማ ሕዝብ ያኮርፋል፣ ይሰደዳል፤ ገበሬው ግን ገመዱን ጥሎ ሲቀመጥ አይታይም። በታሪክ ግን ተቀምጠዋል። በራምሴስ ሦስተኛ 29ኛ የንግሥና ዓመት፣ የነገሥታትን መቃብር የሚቆፍሩትና የሚሥሉት የዴር ኤል መዲና ሠራተኞች ቀለባቸው በመዘግየቱ ሥራ አቆሙ። አንድ ተራ ሠራተኛ በወር፣ ኻር በሚባል የእህል መስፈሪያ፣ አራት ኻር ስንዴና አንድ ተኩል ኻር ገብስ ይሰፈርለት ነበር። ወሩ 18 ቀን ቢያልፈውም አልመጣም። የመቃብሩን ኬላዎች አልፈው ወጡና ከአንድ ቤተ መቅደስ ጀርባ ተቀመጡ፤ ተርበናል፣ ለፈርዖን ንገሩልን አሉ። ይህን የመዘገበው ጸሐፊ አመንናክት ነው፤ ፓፒረሱ ዛሬ ቱሪን ከተማ ይገኛል። በታሪክ ከተመዘገቡት የሥራ ማቆም አድማዎች መጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። እነዚህ የእጅ ባለሙያዎች እንጂ ገበሬዎች አልነበሩም፤ የእነሱ ቀለብ የሚመጣው ግን ከገበሬው ግብር ነው። ይህ ትዕይንት በጨዋታው ውስጥ ቢኖር ኖሮ ገዥ ነኝ ያለው ተጫዋች ሌላ ትምህርት በተማረ ነበር።

ሌላው ጨዋታው የተወው ነገር እኛን በቅርብ ይነካል። «ፈርዖን» ውስጥ ወንዙ ከካርታው ጠርዝ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ጎርፉ የኦሲሪስ ፈቃድ ነው። ግብፃውያንም ቢሆኑ በተግባር ያዩት ይህንኑ ያህል ነበር፤ «ፓለርሞ ድንጋይ» ከተባለው የጥንት ነገሥታት መዝገብ እንደምናውቀው ከመጀመሪያዎቹ ሥርወ መንግሥታት ጀምሮ የውኃውን ከፍታ በየዓመቱ ይመዘግቡ ነበር፤ በኤለፋንቲን ደሴት በግንብ ደረጃ ላይ ምልክት አበጅተው ይለኩ ነበር። ሮማዊው ፕሊኒ እንደጻፈው ውኃው 12 ክንድ ብቻ ከወጣ ረሃብ ነው፤ በ14 ፊት ይፈታል፤ በ16 ደስታ ይሆናል። ከመጠን ካለፈ ደግሞ መንደር ይጠርጋል። በረሃብና በደስታ መካከል ያለው ልዩነት አራት ክንድ ነበር ማለት ነው። የገበሬው ዓመት በሙሉ፣ የንጉሡ ግብርም፣ የፒራሚዱ ገመድ ጎታችም በእነዚህ አራት ክንዶች ላይ የቆመ ነበር።

እነዚያን ክንዶች የሚሞላው የኢትዮጵያ ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በደጋው ላይ የሚወርደው ዝናብ በዓባይ፣ በተከዜና በባሮ በኩል ወርዶ ናይል ይሆናል፤ ግብፅ ከሚደርሰው ውኃ 85 በመቶ ያህሉ ከዚሁ ይነሣል፤ በጎርፉ ወራት ድርሻው ከዚህም ይልቃል። ጥቁሩ አፈርም ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ተራሮች ተሸርሽሮ የሄደ ነው። ሄሮዶቱስ ናይል በግብፅ በጋ ለምን እንደሚሞላ የሰማቸውን መልሶች አንድ በአንድ ዘርዝሮ ሁሉንም ጣላቸው፤ የራሱም መልስ ትክክል አልነበረም። ከእነሱም ወደ እኛ የመጣ አለ፤ ግብፃውያን ዓመቱን አራት አራት ወር ባላቸው ሦስት ወቅቶች ከፍለው፣ 12ቱን ወር በሠላሳ ሠላሳ ቀን ቆጥረው፣ በመጨረሻ አምስት ቀን ይጨምሩ ነበር። ያ አቆጣጠር በእስክንድርያ በኩል ተሻሽሎ እኛ ዘንድ ደርሷል፤ ጳጉሜን ያለችው ስለዚህ ነው። የኛ ክረምት የእነሱን ማሳ ሲያረሰርስ፣ የእነሱ የዘመን ስሌት የኛን መስከረም አመጣ።

የአስዋን ታላቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ተጠናቀቀ። ከዚያ ወዲህ ከአስዋን በታች ዓመታዊው ጎርፍ የለም፤ ደለሉ ናስር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፤ የግብፅ ገበሬ ማሳውን የሚያለማው በማዳበሪያ ነው። ጎርፉን ጠብቆ ከካምፑ የሚወጣው ሰው ዛሬ የሚኖረው በፓፒረስ፣ በመቃብር ውስጥ ባሉ የእንጨት ምስሎችና በዚህ ጨዋታ ውስጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እላለሁ። ጨዋታውን የምትጫወቱ፣ ፒራሚዱን ከማዘዛችሁ በፊት የካምፑን መንገድ ተከተሉ፤ ገበሬው ማሳው ላይ እስኪደርስ ጠብቃችሁ እዩት። በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ቦታ ጨዋታ መሥራት የምትማሩ ወጣቶች ደግሞ ከካርታው ጠርዝ በላይ ያለውን አገር ሥሩት። ዝናቡ የሚጀምርበትን፣ አፈሩ የሚሸረሸርበትን፣ ገበሬው ሰማይ አይቶ ማረሻውን የሚያነሣበትን አገር። የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ሌላ ሰው እስኪሠራው አትጠብቁ።